የበርዲሻውሊዎች ድስት

ዘመኑ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 1843 ነበር፤ በካውካሰስ ተራሮች በረዶው ዘግይቶ የቀለጠበት፥ ወንዙም እስከ ሣር አጨዳ ድረስ እንደደፈረሰ የከረመበት ዓመት። በኼቭሱሬቲ፥ በወንዙ ግራና ቀኝ፥ ሁለት መንደሮች ተፋጠው ይኖሩ ነበር። በምሥራቁ ዳገት ላይ የጎንጃውሪዎች ግንቦች ተደርድረው ይታያሉ፤ ጢሳቸው ከጧት እስከ ማታ አይቋረጥም፤ ውሾቻቸው እንኳ ሲጮኹ የጌቶቻቸውን ብዛት የሚያውቁ ይመስሉ ነበር። በምዕራቡ ዳገት ላይ ግን የነበረው አንድ ግንብ ብቻ ነው፤ እሱም የበርዲሻውሊዎች ነበር።

በእኛ ሸለቆ መንገደኛ ሲመጣ «ማን ነህ?» ተብሎ አይጠየቅም፤ «የማን ነህ?» ነው የሚባለው። ሰው የሚታወቀው በቤቱ ስም ነው፤ መሬቱንም፥ ደመኛውንም፥ ሲሞት የሚቀብሩትንም የሚያገኘው በዚሁ ስም ነው። አንድ የቤት ስም የያዙ ሁሉ እኅትና ወንድም ናቸው፤ ከብዙ ትውልድ በፊት የተለያዩ ቢሆኑ እንኳ መጋባታቸው ነውር ብቻ ሳይሆን የሸለቆውን ጠባቂ ጊዮርጊስን መድፈር ነው። ስሙ የበዛለት ሰው የመንገዱን መካከል ይዞ ይሄዳል፤ ስሙ ያነሰበት ደግሞ ጥግ ጥጉን ይዞ ያልፋል። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል እንዲሉ፥ የጥቂቶቹ መስክ ድንበሩ በየዓመቱ ሲገፋ ይኖራል። እስከ ዛሬ ሳስበው አንጀቴ ያራል።

የበርዲሻውሊዎች የመጀመሪያ አባት በርዲሻ፥ ከማን እንደሸሸ ሳይታወቅ፥ ትልቅ የመዳብ ድስት በጀርባው ተሸክሞ ከቆላ የወጣ ሰው ነው ይባላል። ድስቱ በግንቡ ምድር ቤት ተሰቅሎ ይኖር ነበር፤ ለሠርግና ለተዝካር ጠላ የሚጠመቀው በእሱ ነው። ይህን ስም የያዘ ሌላ ቤት በሸለቆውም በቆላም አልነበረም፤ ገበያ ወርደው «በርዲሻውሊ ነኝ» ሲሉ ነጋዴው «እንዴት አልከኝ?» ብሎ ያስደግማቸው ነበር። ናዳውና ፈንጣጣው ተራ በተራ እየጎበኛቸው አልቀው፥ በዚያ ዘመን ስሙን የያዙት ሽማግሌው ኡቱርጋና ሁለት ወንዶች ልጆቹ ሺሺያና ምገሊካ ብቻ ነበሩ።

መከራው የመጣው በሣር መስክ ነው። የጎንጃውሪዎች አለቃ የባቲራ ወንድም ጋጋ የድንበሩን ድንጋይ ነቅሎ ወደ በርዲሻውሊዎች መስክ ሲያስገባ ሺሺያ ደረሰበት፤ ቃል ተወራወሩ፥ ጎራዴም ተማዘዙ። በአገራችን ወንዶች ሲጋደሉ ሴት የራሷን መሸፈኛ ገልጣ በመካከላቸው ከጣለች፥ ጎራዴው ወደ ሰገባው ይመለሳል፤ ይህን ሕግ የጣሰ ሰው አልተሰማም። ሣር ስትሰበስብ የነበረችው የባቲራ ልጅ ምዜካላ ሮጣ መሸፈኛዋን ጣለች። ሆኖም ጨርቁ ምድር ሲነካ ጋጋ ቀድሞት ወድቆ ነበር፤ ደሙም በነጩ ላይ ፈሰሰበት። ሺሺያ በዚያው ሸሸ። ልጅቷ ራሷን እንደተገለጠች ቆማ በቀረች ጊዜ፥ ጨርቁን አንሥቶ በወንዝ አጥቦ፥ እርጥቡን ድንጋይ ላይ አስቀምጦላት የሄደው የገዳዩ ወንድም ምገሊካ ነበር። አንዲቱ የደም ነጠብጣብ ግን አልለቀቀችም።

ሺሺያ በቆላ በወባ ሞተ። ሰውዬው ቢሞትም ደሙ አልሞተም፤ ሕጉ እንደሚያዝዘው ወደ ወንድሙ ተሻገረ። ምገሊካ ከግንቡ የሚወጣው የብረት ጥሩሩን ለብሶ፥ ጋሻውን ይዞ፥ ያውም ሲጨልም ነበር። ይህ ሁሉ ሳለ፥ ውሃ በሚቀዳበት ምንጭ ዘንድ ከምዜካላ ጋር መነጋገር ጀመረ። በመጀመሪያ እሷ ልትሰድበው ነበር የመጣችው፤ «የእናንተ ቤት ከበሬ ይልቅ ቀንድ ያበዛል» አለችው። እሱም «ቀንዱን ያበቀልነው ውሻችሁ ሲነክሰን ነው» ብሎ መለሰላት፤ ከዚያም ሁለቱም ሳቁ፥ ስለሳቁም አፈሩ። በወሩ ያችን እሱ ያጠበላትን መሸፈኛ ሰጠችው። ሽማግሌዎች ደሙን በከብት ካሣ ያበረዱ ቀን ሊያስጠይቃት፥ እሷም ሌላ ላታገባ፥ ቃል ተሰጣጡ።

ይህን ነገር በሸለቆው ውስጥ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ወንድ ልጅ ስለ ሚስት ለአባቱ አይናገርም፤ የአገሩ ሥርዓት ነው፤ ለእናቱ ይነግራታል፥ እናት ለአባት ታደርሳለች፥ አባትም ምንም እንዳልሰማ ሆኖ ይወስናል። የምገሊካ እናት ግን በዚያ ክረምት አርፋ ነበር፤ ወሬውን የሚያሻግር ድልድይ በቤቱ አልቀረም። አባትና ልጅ በአንድ ምድጃ ዙሪያ ተቀምጠው ስለ በግ፥ ስለ በረዶ፥ ስለ ጎራዴ ስለት ያወሩ ነበር፤ ከዚያ ያለፈ ቃል ከሁለቱም አይወጣም።

በዓመቱ ሣሩ ታጭዶ ሲያልቅ፥ ጊዮርጊስን የሚያገለግለውና የሸለቆው አባት የሚባለው ሽማግሌ ሱምባታ ለዕርቅ መጣ። ጎንጃውሪዎች የጠየቁትን ከብት ለመስጠት የኡቱርጋ ላሞች ሁሉ በየዓመቱ መንታ ቢወልዱም የማይበቃ መሆኑን ራሱ ሱምባታ አልደበቀም። ስለዚህ ሌላውን መንገድ አነሣ፤ እሱም የበሬና የድስት መንገድ ነው። ደካማ ቤት በሬውንና ድስቱን ይዞ ወደ ጊዮርጊስ ደጅ ይሄዳል፤ በሬው ይታረዳል፥ ድስቱ ለደጁ ይሰጣል፥ ሰዎቹም የብርቱውን ቤት ስም ተቀብለው ወንድሞቹ ይሆናሉ። ቤት ከራሱ ደም አይፈልግምና የጋጋ ደም በዚያው ይደርቃል። መስኩም ከስሙ ጋር አብሮ እንደሚሄድ ሱምባታ ጮክ ብሎ አልተናገረም፤ ያልገባው ግን አልነበረም።

ኡቱርጋ ሌሊቱን ሲያወጣ ሲያወርድ አድሮ፥ ጧት ምገሊካን ጠራው።

«ስማ ልጄ። በሬውን ነገ አወርዳለሁ፤ ድስቱንም» አለው።

ምገሊካም መለሰ፦ «ሌላ መንገድ የለም ወይ፥ አባቴ? እረኝነት ገብቼ ከብቱን...»

«መንገድ ላይ ይገድሉሃል። ምን አስበህ ነው? ንገረኝ።»

ልጁ አፉን ከፈተ፤ ግን የምዜካላ ስም በአባቱ ፊት ሊወጣለት አልቻለም። ፊቱ ቀላና ወደ ምድጃው ዞረ።

ኡቱርጋ ልጁ ስለ ስሙ የተንገበገበ መሰለው፤ በዚህም ልቡ ኰራ። «እኔንም ያመኛል» አለው። «ግን ሬሳ ሆነህ በርዲሻውሊ ከምትባል፥ በሕይወት ኑርና ጎንጃውሪ ተባል። ልጆች ትወልዳለህ፤ ደማቸው የእኛው ነው።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ሽማግሌው የልጁን ነፍስ ለማትረፍ የአባቶቹን ስም ሰጠ፤ በዚያው እጁ የልጁንም ትዳር አብሮ እንደሰጠ አላወቀም። ማንም ክፉ ሊያደርግ አላሰበም፤ ለዚህም ነው ነገሩ የበለጠ የሚመርረው።

በማግስቱ በጊዮርጊስ ደጅ ወንዶቹ ተሰበሰቡ። ሴት ወደ ደጁ አትቀርብምና ሴቶቹ ከደጁ የድንበር ድንጋይ ወዲያ ቆመው ይሰሙ ነበር። ኡቱርጋ በሬውን ሲጎትት፥ ምገሊካ የመዳቡን ድስት እንደ ጥንቱ በርዲሻ በጀርባው አዝሎ ሲከተለው፥ ከጎንጃውሪ ጎረምሶች አንዱ «በሬው መሐላ አያስፈልገውም፤ ሣራችንን ሲግጥ ስለኖረ ድሮውንም ጎንጃውሪ ነው» አለ። ሌሎቹ ሳቁ። ባቲራ ዞር ብሎ ሲያያቸው ሳቁ ቆመ፤ ባቲራ ስግብግብ ነበረ እንጂ ባለጌ አልነበረም።

በሬው ታረደ። ሱምባታ ጽዋውን አንሥቶ የመሐላውን ቃል አስደገማቸው፤ ኡቱርጋ እስከ መጨረሻው ደገመው። የምገሊካ ተራ ደረሰ።

«ወንድማችሁ ወንድሜ፤ ደመኛችሁ ደመኛዬ» አለ ምገሊካ። እዚያ ላይ ቆመ። ሱምባታ ቃሉን ደግሞ ሰጠው።

«እኅታችሁ እኅቴ» አለ።

ከድንበሩ ድንጋይ ወዲያ አንዲት ልጅ መሬት ላይ ተቀመጠች። ፀሐዩ በርትቶባት ነው ብለው ሴቶቹ ውሃ ሰጧት።

ስምንት ቀን ሳይሞላ በተራሮቹ ራስ ላይ እሳት ታየ፤ የወረራ ምልክት ነው። ከዳገስታን በኩል የዚያ አገር ገዢ የኢማሙ ጦር በላይኛው የተራራ በር ሊገባ መሆኑ ተሰማ። በየሸለቆው ያለው ወንድ ጥሩሩን ለብሶ፥ የጊዮርጊስን ሰንደቅ ተከትሎ ወጣ፤ ደመኛ ከደመኛው ጎን ተሰለፈ፥ ለጊዜውም የቤት ስም ተረሳ። ጠባቡን በር ማን ይያዝ በተባለ ጊዜ ምገሊካ ቀድሞ ወጣ። ሞትን ሊፈልግ ሄደ የሚሉ አሉ፤ አይደለም፤ ሊሸሸው የሚያበቃ ምክንያት ግን አልነበረውም። በሩን ከጧት እስከ ቀትር ያዘ። የጦሩን አለቃ ከፈረሱ ያወረደው እሱ ነው፤ አለቃቸው ሲወድቅ ወራሪዎቹ ተመለሱ። የምገሊካንም ሬሳ በሩ ላይ ካለው አለት ሥር አንሥተው አመጡት።

ጥሩሩን ያወለቀለት አባቱ ነበር። ብረቱ ሲነሣ፥ ከደረቱ ላይ፥ ከአዲሱ ደም በታች፥ የሴት መሸፈኛ ታጥፎ ተቀምጦ አገኘ። ገለጠው፤ በጥጉ ላይ ጠቁራ የቀረችውን አሮጌ ነጠብጣብ አየ። ይህን ጨርቅ ሸለቆው ሁሉ ያውቀዋል፤ በሣሩ መስክ የወደቀው ጨርቅ ነው። ሽማግሌው ሰው ሳያየው እጅጌው ውስጥ ከተተው።

ከዚያ ሴቶቹ ለልቅሶ ገቡ። በእኛ ዘንድ ጠጉሯን ፈትታ፥ ጉንጯን ቧጥጣ፥ በሟች ደረት ላይ የምታለቅስ እኅት ናት፤ የቤቱ ስም ናት። ባዕድ ሴት ይህን ካደረገች ነገሩ ለቅሶ መሆኑ ይቀርና ነውር ይሆናል። ምዜካላ ግን አሁን እኅት ናትና ማንም አልከለከላት። ጎራዴውን በጉልበቷ አጋድማ እንዲህ ስትል አለቀሰች፦

«ወንድሜ፥ እናቴ ያልወለደችህ፤
ወንድሜ፥ በሬ የወለደህ፤
ምነው በሬው ጫካ ገብቶ በቀረ፥
ምነው ቢላው ደንዞ ባደረ!»

ሴቶቹ አለቀሱ። ከእነሱ አንዳንዶቹ ግን ቀና ብለው ተያዩ። ኡቱርጋ በበሩ ላይ ቆሞ ሰማ። ያን ጧት በምድጃው ዘንድ የልጁ ፊት የቀላበትን ምክንያት ያን ጊዜ ዐወቀው፤ «እኔው ነኝ፥ እኔው ነኝ» እያለ ግንቡን በጡጫ ሲመታ አዩት። ሐዘን ነው ብለው ተዉት።

የተዝካሩ ጠላ የተጠመቀው በዚያው በመዳቡ ድስት ነው። የሸለቆው ቤቶች ሁሉ በጊዮርጊስ ደጅ ተሰበሰቡ፤ ሱምባታም ጽዋውን ይዞ ቆመ። የሟቹ ስምና የቤቱ ስም ሳይጠራ ጽዋው አይጠጣም፤ ገጣሚውም የሚዘፍነው በጽዋው ላይ የተጠራውን ስም ነው። እዚያ ላይ የሌሎች ቤቶች ሽማግሌዎች ነገር አነሡ። ልጁ ይህን የመሰለ ሞት ሞቶ የጋጋን ደም አጥቧል፤ አገር ላዳነ ሰው የአባቶቹ ስም ሊመለስለት ይገባል አሉ። ሲናገሩ ያማረ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ክብሩ ወደ ጎንጃውሪዎች እንዳይሄድ ነው የተጨነቁት፤ ብዙ ሰው ካለው ጎረቤታቸው ይልቅ፥ ከመሬት ሊጠፋ አንድ ሽማግሌ ለቀረው ቤት መስጠቱ ቀለላቸው።

ባቲራ ከንፈሩን ነከሰ፤ ነገር ግን አልተቃወመም። «ሟቹ ከኔ ቤት ይልቅ የኡቱርጋ ነው፤ እሱ የፈለገውን ይበል» አለ።

ሱምባታም ወደ ኡቱርጋ ዞረ። «ኡቱርጋ ሆይ፥ ጊዮርጊስ ይስማ። ስሙን መልሱ ካልክ፥ በሬው እንዳልታረደ፥ መሐላውም እንዳልተማለ እንቈጥረዋለን። ከእንግዲህ ደም የሚፈልግብህ የለም። በማን ስም እናንሣለት?»

ሽማግሌው በሕይወቱ ከዚህ የበለጠ የተመኘው ነገር አልነበረም፤ ስሙ በምላሱ ጫፍ ላይ መጥቶ ቆሟል። ያችን አንዲት ቃል ቢናገር፥ «እንዴት አልከኝ?» እየተባለ ሲደገም የኖረው ስም፥ ተራራው እስካለ ድረስ በዘፈን ሊኖር ነው።

ሆኖም በእጅጌው ውስጥ ጨርቁ ነበር። ከድንበሩ ድንጋይ ወዲያ ደግሞ ጉንጯ ገና ያልዳነ ልጅ ቆማ ነበር፤ ሁለቱ ወንድሞቿም፥ የባቲራ ልጆች፥ ከወንዶቹ መካከል ነበሩ። መሐላው አልተማለም ከተባለ ምገሊካ ወንድሟ አልነበረም ማለት ነው፤ ወንድሟ ካልነበረ ደግሞ በደመኛዋ ደረት ላይ ጠጉሯን ፈትታ ያለቀሰችው ምኑ ሆና ነው? ይህን ጥያቄ በልቅሶው የተያዩት ሴቶች ሳይመሽ ሊጠይቁት ነው፤ መልሱን ደግሞ ወንድሞቿ በጎራዴ ሊመልሱት ነው።

«ጎንጃውሪ» አለ ኡቱርጋ።

«አልሰማንም» አሉ ከኋላ።

«ምገሊካ ጎንጃውሪ» አለ ጮክ ብሎ። «በሬው ታርዷል። የታረደ በሬ አይነሣም።»

ጽዋው ተጠጣ። ሰዉ ግን ቅር ተሰኘ፤ አንዳንዱም ሽማግሌውን ፈሪ አለው፥ አንዳንዱ ደግሞ ለባቲራ ቁራሽ ያደረ አለው። ይህንም ኡቱርጋ ተቀምጦ ሰማ። ሰዎች ሲበተኑ ባቲራ ብቻውን ወደሱ መጣ።

«ለምን?» አለው። «እኔ ብሆን ስሜን እወስድ ነበር።»

ኡቱርጋ መሸፈኛውን ከእጅጌው አውጥቶ በባቲራ እጅ ላይ አስቀመጠለት። «ሴት ልጅ አለህ» አለው። «እኔ ልጅ የለኝም።»

ባቲራ ጨርቁን ገለጠው፤ የወንድሙን ደም ዐወቀው፤ ቀጥሎም የገዛ ልጁን ነገር ዐወቀ። ይህ በሸለቆው በማንም ፊት ራሱን ዝቅ አድርጎ የማያውቅ ሰው ጎንበስ ብሎ የሽማግሌውን ጉልበት ነካ። ስለዚህ ነገር ሁለቱም ዳግመኛ አልተነጋገሩም። ኡቱርጋ በሚቀጥለው ክረምት በግንቡ ውስጥ ሞተ፤ በጎንጃውሪዎች መካነ መቃብር ቀበሩት፤ ግንቡም ጣሪያው ወድቆ የበግ በረት ሆነ።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። እውነት ነው፤ የማን ስም እንደሚውል ግን ተረቱ አይነግረንም። ዘፋኞቹ እስከ ዛሬ «በሩን የያዘው የጎንጃውሪው ምገሊካ» እያሉ ይዘፍናሉ፤ ጎንጃውሪዎችም ልጆቻቸውን በዚሁ ዘፈን ያሳድጋሉ፥ የራሳቸው ሥጋ መሆኑንም አይጠራጠሩም። ከብዙ ዓመት በኋላ ከትብሊሲ የመጣ ሹም የሸለቆውን ቤቶች በየስማቸው ሲቆጥር በርዲሻውሊ የሚባል አላገኘም፤ አላገኘምና አልጻፈም፤ እሱም አልዋሸም። ዘፈኑ የሚቀበለው በጽዋው ላይ የተጠራውን ነው፤ ሹሙ የሚቀበለው በደጃፉ የቆመውን ነው፤ ልጁ ሊናገር አፍሮ የዋጠውን፥ አባቱም ሊያድን ብሎ የዋጠውን የሚቀበል ግን የለም።

ስሙ ፈጽሞ ጠፋ ማለትም አይቻልም። በጊዮርጊስ ደጅ ካሉት ድስቶች መካከል ያን አሮጌ የመዳብ ድስት ጠማቂዎቹ በርዲሻውሊ ይሉታል። «በርዲሻውሊን አምጡት፥ በርዲሻውሊን እጠቡት» ሲባል ይሰማል። ስሙ ከየት እንደመጣ ብትጠይቋቸው የአሠራሩ ዓይነት ይመስላቸዋል።

ምዜካላ ምገሊካ በሞተበት መከር ወደ ሩቅ ሸለቆ ተድራ፥ ልጆችም የልጅ ልጆችም አየች። በየዓመቱ በጊዮርጊስ ቀን ግን በፈረስም በምርኩዝም ትመጣ ነበር፤ ሴት ናትና ከድንበሩ ድንጋይ አታልፍም። እዚያው ቆማ ወደ ጠማቂዎቹ ትጣራለች፦

«ልጆቼ፥ በርዲሻውሊ እንዴት ነው?»

«ደኅና ነው እናታችን» ይሏታል እየሳቁ። «ዘንድሮም አልተበሳም።»

እሷም «ተመስገን» ብላ ትቀመጣለች። አሮጊቷ ጠላ ትወዳለች እየተባለ፥ አንድ ዋንጫ ከሁሉ አስቀድሞ ይላክላት ነበር።